የሐሙስ ሦስት ሰዓት ሰው

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ «እገሌ መልካም ስለሠራልኝ ጻፍልኝ» ብሎኝ አያውቅም። ልደታ፣ የፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ወደኔ የሚመጣው የተካደ፣ የተባረረ፣ ድንበሩ የተገፋበት፣ ወይም ሚስቱ ቴሌቪዥኑን ይዛ የሄደችበት ሰው ነው። የተደሰተ ሰው እዚህ አጥር ሥር ምን ሊሠራ ይመጣል? ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት እድላዊት የምትባል ተማሪ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ አጥፋ፣ ጃንጥላዬ ሥር ቁጭ ብላ የምስጋና ደብዳቤ እንድጽፍላት ስትጠይቀኝ፣ በልማድ «ተከሳሽ ማነው?» አልኳት።

ሳትስቅ መለሰችልኝ። ተከሳሿ ሰብለወንጌል ነበረች።

ሰብለወንጌልን በዚህ ሰፈር የማያውቃት እጁ ደህና የሆነ ሰው ብቻ ነው። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለው ትንሽ የተሐድሶ ሕክምና ማዕከል በሽተኛም ታክማለች፣ ተማሪም ታስተምራለች። ሙያዋ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ምላሱ የተያዘ በሽተኛ ይህን ስም አስተካክሎ ከጠራ ድኗል ማለት ነው፤ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል። እኛ «ሲስተር» እንላታለን። እሷ ሲስተር እንዳልሆነች ታስረዳናለች። እኛም «እሺ ሲስተር» እንላለን። ሥራዋ ግን ቀላል ነው ለመናገር። ስትሮክ የጣለውን ወይም መኪና የገጨውን ሰው ሐኪሞች ነፍሱን ያተርፉለታል፤ ነፍሱን ይዞ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን መታጠቅ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ወደ እሷ ይላካል። ማንኪያ መያዝ፣ ፊት መታጠብ፣ ሻይ መቅዳት፣ ሸሚዝ መልበስ እንደገና ታስተምረዋለች። የተያዘው እጅ ቀድሞ እጅጌው ውስጥ ይገባል፤ ሲወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የምትሸጠዋ ሴትዮ፣ የፍርድ ቤቱ ጥበቃ፣ እኔም ጭምር፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለብሰው። ቅዳሜ ጠዋት በየቤቱ ብትገቡ አንድ ሴት ያለበሰችው ሰፈር ነው።

እድላዊት ነገሩን አስረዳችኝ። የሙያ ማኅበራቸው በዚህ ዓመት የላቁ ባለሙያዎችንና መምህራንን ሊያከብር ነው፤ ቅዳሜ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አዳራሽ። ተማሪዎቿ ሰብለወንጌልን ለሽልማት አቅርበዋታል፤ ተመርጣለችም። የቀረው የአንድ ታካሚ ምስክርነት ነው፤ እሱም እስከ ሐሙስ ማታ መግባት አለበት። እኔ ታካሚም ነኝ፣ ጸሐፊም ነኝ፤ አንድ ሰው ሁለት ሥራ ይሠራልናል ብለው ነው የላኳት።

«ችግሩ ግን፣» አለች እድላዊት፣ ጋዋኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ «አልመጣም ብላለች። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማስተማሩንም ልትተው ነው። ለቢሮ ጽፋለች።»

ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ዙሪያዋን አየች። ከኛ በቀር የሚሰማ አልነበረም፤ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» የሚለው የታክሲ ረዳት ከራሱ ሌላ ማንንም አይሰማም።

«በሩን ትከፍታለች፣ ጋሼ» አለችኝ።

ይሄ ለናንተ ምንም ላይመስል ይችላል። በማዕከሉ ውስጥ የልምምድ ክፍል የሚሏት አለች። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ትንሽ ምድጃና ጠረጴዛ አላት። ሰው የሚኖርባት ቤት ትመስላለች፤ የሚኖርባት ግን የለም። በሽተኛው ብቻውን ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ የቀረውን ከራሱ እጅ ጋር ይጨርሳል። ቤተሰቡ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሚስት፣ እናት፣ ልጅ፣ ሁሉም ሮጦ ገብቶ ማልበስ ነው የሚያምረው። ሰብለወንጌል ድሮ ታዲያ አንድ ትእዛዝ ነበራት፤ «እጃችሁ ላይ ተቀመጡ።» ሴቶቹም ቃል በቃል ይቀመጡበት ነበር። በሽተኛው ዝም ብሎባቸው ሲጨነቁ ደግሞ «ዝም ካለ እየሠራ ነው» ትላቸዋለች። እቤታቸውም እንደዚያው እንዲያደርጉ ትልካቸዋለች። ብዙ ሰው የዳነው በዚያ በር ነው።

አሁን ግን፣ አለች እድላዊት፣ ሦስት ደቂቃ ጸጥ ካለ ራሷ ተነሥታ ትከፍታለች። በሽተኛው ግማሽ እጅጌ ላይ ሲደርስ ትገባና ታለብሰዋለች። ተማሪዎቹን የምታስተምረው ሌላ ነው፣ የምትሠራው ሌላ። በርሷ እጅ ስምንት ወር ሆኖት ሸሚዙን ራሱ የማይቆልፍ ሰው አለ። እንዲህ ሆና መሸለም ሌብነት ነው ብላለች።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ማንንም አትቀጥርም» ጨመረች። «መዝገቡ ላይ ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኛም ዝም ብለን እንተዋለን፤ አዲስ ለሚመጡ ተማሪዎች ‹ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተይዟል› እንላቸዋለን።»

ያንን እኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ቀኑ ተምታቶብኝ ሐሙስ ጠዋት ሄጄ በመስታወቱ አየኋት። ፊት ለፊቷ ባዶ ወንበር አለ። ጠረጴዛው ላይ ሸሚዝ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ግራ እጅጌው ወደ ላይ ወጥቷል፣ ሊለብሰው ለተቀመጠ ሰው እንደሚደረገው። ከወንበሩ ጋር ታወራለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ የሚያወራ ሰው ብዙ ስለማይ አይደንቀኝም። አታወራም ነበር። ጆሮዋን ወደ ልምምድ ክፍሉ በር አዙራ ታዳምጣለች። እኔም ሳላስበው አዳመጥኩ። ባቡሩ በድልድዩ ላይ አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። እሷ ግን አንገቷን ነቅነቅ አደረገች፤ አንድ ነገር እንደሰማ ሰው።

እድላዊት ልትነሣ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። በመምህርቷ መሳቢያ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ ከመታጠፍ ብዛት መስመሩ ላይ ተበጥሷል። አንድ ቀን ክፍት ትታው አይታዋለች። «ክስ ነገር ነው። ‹ከበሩ ወዲያ ሦስት ጊዜ ስሜን ጠራ› ይላል።»

ቀኝ እጄ ቀዘቀዘ። ቀኝ እጄ ሁልጊዜም ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግን ያቺን መስመር አውቃታለሁ። የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ሶፊያ የምትባል ሴት እዚሁ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ባሏ ሁመድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስትሮክ ግራ ጎኑን ያዘውና ሰብለወንጌል ዘንድ ይመላለስ ጀመር። ቀጠሮው ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሊለብስ መኝታ ቤት ገባ፤ ሶፊያ እንደተነገራት ውጭ ተቀመጠች። ቆየ። ስትገባ ሁለተኛው ስትሮክ ወስዶታል። ሸሚዙን ለብሷል፤ የታመመው እጅ በትክክል ቀድሞ ገብቷል፤ አራተኛው ቁልፍ ላይ ደርሷል። ሶፊያ ይህንን ከነገረችኝ በኋላ ለማዕከሉ አስተዳደር አቤቱታ ጻፍልኝ አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። የሆነ ወረቀት የሆነ ቦታ እንዲቀመጥላት ብቻ ነው የፈለገችው። እንደዚያ ዓይነት ደንበኛ ብዙ ነው።

ጻፍኩላት። እንግዲህ እኔ አንድ ልማድ አለኝ። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ከራሴ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው በቀን ሃምሳ ያነባል፤ ሃምሳ አንደኛው ላይ እንቅልፉ ይመጣል፤ የኔ መስመር እሱን መቀስቀሻ ናት። ለአንዱ የቤት ክርክር ዝናብ አዘንቤያለሁ። ለአንዷ ሕፃን አስለቅሻለሁ፤ ልጅ ስለሌላት የጎረቤት አደረግኩት። ለሶፊያ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ «ባለቤቴ ከበሩ ወዲያ ሦስት ጊዜ ስሜን ጠራ፤ እኔ ግን የተሰጠኝን መመሪያ አክብሬ እጄ ላይ ተቀምጬ ነበር።» አነበብኩላት። ሰማችኝና ፈረመች። ጥሩ መስመር ናት ብዬ ለራሴ ቡና ጋበዝኩ።

አስተዳደሩ አጣርቶ ጥፋት አልተገኘም አለና ፋይሉ ተዘጋ። እኔም ረሳሁት። አምና በጥቅምት ስትሮክ እኔንም ቀኝ ጎኔን ያዘኝና ወደዚያው ማዕከል ተላክሁ። ገና ኮሪደሩን ሳይ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ሳይ፣ የት እንደገባሁ ገባኝ። አሥራ አራት ወር አውራ ጣቴን ይዛ አሠራችኝ። አውራ ጣቱን የተያዘ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያነሣም። ልምምድ ክፍሉ ስገባ ወዲያው ትከፍትልኛለች፤ ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች። ደግ ናት ብዬ ነው የተውኩት። እስከ ዛሬ ሹራብ ነው የምለብሰው፤ የምጽፈውም በግራ እጄ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን አወጣሁ። ደንበኛ የሚነግረኝን መጀመሪያ ደብተር ላይ እይዛለሁ፤ ደብተር አልጥልም። የዚያን ዓመቱን አገኘሁት። ጽሑፉ የቀኝ እጄ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጭረቱ የሚያምር። ያ እጅ አሁን የለም። የሞተ ሰው ደብዳቤ የማነብ መሰለኝ፤ በመስመሩ ላይ ጣቴን አኖርኩ። እንዲህ ይላል፦ «ምንም አልሰማሁም። ዝም አለ። ዝም ካለ እየሠራ ነው ብላኛለች። የሚቆልፍ መስሎኝ ነው።» ደብተሩን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ወደ ሶፊያ ሄድኩ።

ሶፊያ አሁን በሁመድ የስፌት መኪና እሷ ትሰፋለች፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ በር ላይ ሁለት የተሰቀለ ቀሚስ ያለባት ሱቅ ናት። ገብቼ ስቀመጥ መኪናው እየሠራ ነበር። ጤናዬን ጠየቀችኝ፣ ልጆቿን ጠየቅኳት። እየሰፋችው ያለው ነገር እስኪያልቅ ልጠብቃት ብዬ ሳይ፣ መርፌው ሥር ጨርቅ የለም። እግሯ ይረግጣል፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ የሚሰፋ ነገር የለም። ፊቷ ላይ ምንም የተለየ ነገር ስላልነበረ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ነገሩን ዙሪያውን አዞርኩት። ስለ ሽልማቱ ነገርኳት፤ ሰብለወንጌል እምቢ እንዳለች፣ ሥራውን ልትተው እንደሆነ፣ ያ ወረቀት መሳቢያዋ ውስጥ እንዳለ። ከዚያ በኋላ ሌላ የሚዞር አልቀረኝም።

«ሦስት ጊዜ ጠራ የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አልኳት። «አንቺ አላልሽኝም።»

እግሯን አቆመች። መኪናው ጸጥ ሲል ሱቁ ጠበበ። ስትሮኩ የተመለሰብኝ ሰው ይመስል ፊቴን በጥንቃቄ አየችኝ።

«ጋሽ ፈቃደ፣ ወላሂ እኔ ነኝ እኮ የሰማሁት» አለች። «መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው፣ ለመጠየቅ ያህል። ሁለተኛውን ጠንከር አድርጎ። ሦስተኛውን ‹ሶፊ› ብሎ ነው የጠራኝ። ከሱ ሌላ ማንም ሶፊ ብሎኝ አያውቅም።»

እኔ «ሶፊ» ብዬ አልጻፍኩም። ሰውዬው ራሱ ጨምሮበታል።

ደብተሩን አውጥቼ ሰጠኋት። ወደ ብርሃኑ ይዛ ቀስ ብላ አነበበች፤ ሁለቴ ሳይሆን አይቀርም። መለሰችልኝ።

«ጽሑፍዎ ያምር ነበር።»

«ነበር።»

«እንግዲህ ካልጠራኝ፣» አለች መኪናውን እያየች፣ «አራት ዓመት ሙሉ ማነው የሚጠራኝ?»

  ጥፋቴ ነው ልላት አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። ይቅር እንድትለኝ አልፈለገችም፣ እንድትቆጣኝም አልፈለገችም። መኪናው ሲቆም ነው የሚጠራት፤ ስለዚህ ብዙ አታቆመውም፤ ጨርቅ ሲያልቅባትም ትረግጣለች። ይህን ስትነግረኝ ስለ ጎረቤት የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«እኔ ጋ ይጥራ፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ ስነሣ። «ባይጠራኝ ምን ይቀረኛል? ከሷ ላይ ግን አንሡላት። እሷ ሚስቱ አይደለችም።»

ከበሩ ገና ሳልወጣ መኪናው ጀመረ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ማዕከሉ ደረስኩ። እድላዊት ኮሪደሩ ላይ አየችኝና ዛሬ እንደማይቻል በዓይኗ ነገረችኝ፤ አልፌያት ገባሁ። ሸሚዙ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሰብለወንጌል ወደ ልምምድ ክፍሉ በር ዞራ ስለነበር መጀመሪያ አላየችኝም፤ የወንበሩን ድምፅ ብቻ ነው የሰማችው። ፊቷን እስክታዞር ያለው ጊዜ አጭር ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ማንን እንደጠበቀች ከትከሻዋ አወቅኩ። እኔ መሆኔን ስታይ ትከሻዋ ወረደ።

«ጋሽ ፈቃደ፣ የርስዎ ማክሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሲስተር።»

ሲስተር እንዳልሆነች አልነገረችኝም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ልማዴ፣ ስለ መስመሯ፣ አሥራ አራት ወር አውቄ ዝም ስለማለቴ። አላቋረጠችኝም። ደብተሩን ፊቷ ዘረጋሁ፤ እሷም መሳቢያዋን ስባ ወረቀቱን አወጣችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የወረቀቱ ግርጌ ላይ መልስ እንድትሰጥበት በተተወው ቦታ በእጇ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ «የቀረበው ሁሉ እውነት ነው።» ፈርማበታለች። በሕይወቴ የጨመርኳቸውን መስመሮች ሁሉ ተከሳሾች ሲክዱ ነው የኖርኩት። ያመነችልኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

«ሁልጊዜ ሐሙስ እሰማው ነበር» አለች። «ሦስተኛውን ብቻ ነው አጥርቼ የማልሰማው።»

ስለ «ሶፊ» አልነገርኳትም። አንዳንድ ነገር ለባለቤቱ ይተዋል።

ጣቷን ደብተሩ ላይ አድርጋ ቆየች። «ዝም ብሎ ነበር» አለች፣ ጥያቄ ሳይሆን።

«ዝም ብሎ ነበር።»

«ዝም ካለ እየሠራ ነው ያልኳት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ፈቃደ። የርስዎ ውሸት ቢወጣም የኔው ቃል ይቀራል።»

 ሐኪም አጠገቡ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ ያ ስትሮክ ሁመድን ይወስደው እንደነበር ሐኪሞች ለማዕከሉ አስተዳደር የጻፉትን አይቻለሁ፤ እሷም አይታዋለች። እንዲህ ያለ ወረቀት ለፋይል ነው የሚጠቅመው። የሹራቤን ጠርዝ ስነካካ ዓይኗ እዚያ ላይ ዐረፈ። ሐምሌ አልነበረም፤ ፀሐይ ነበር።

«ለምንድነው ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብሱት?»

«ሸሚዝ መቆለፍ አልችልም።»

«በአሥራ አራት ወር?»

«ሁልጊዜ ትገቢያለሽ» አልኳት።

ይህን ያልኩት ልወቅሳት አልነበረም፤ ስለጠየቀችኝ ብቻ ነው። እሷ ግን ከነገርኳት ሁሉ ይህን ነው የሰማችው። እጄን አንሥታ እንደ ሁልጊዜው አውራ ጣቴን ያዘች፣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፤ ልትመረምረው ሳይሆን ምን እንዳደረገችው ልታይ። ከአጥሩ ማዶ የልደታ ማርያም ድምፅ ማጉያ ቅዳሴ ያሰማ ነበር። እድላዊት በመስታወቱ ታየናለች፤ አየሁና እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሰብለወንጌል ተነሥታ ከመደርደሪያዋ ወረቀትና አንድ ብዕር አወጣች፤ በስፖንጅ የተጠቀለለ፣ እንደ በቆሎ የወፈረ ብዕር።

«ማስተካከያውን ይጽፉልኛል» አለች። «እዚያ ውስጥ ገብተው። በቀኝ እጅዎ።»

በቀኝ እጄ ከጻፍኩ ከዓመት በላይ እንዳለፈኝ አስታወስኳት።

«ውሸቱን የጻፉት በየትኛው ነው?»

ተነሣሁ።

«ለእድላዊትም የሚሆነውን እዚያው ላይ ይጻፉት፤ ሁለት ወረቀት አያስፈልግም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለኔ ይሁን ለራሷ ባልለየሁት አነጋገር፣ «እኔ ውጭ ነኝ። እስኪጨርሱ አልገባም። ካልገባሁ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከገባሁ ግን ልጆቹ ሌላ አስተማሪ ይፈልጉ፤ ያን ጊዜ የምሰጣቸው ነገር የለኝም ማለት ነው።»

ገባሁ። በሩ ተዘጋ።

ያቺ ክፍል ስትዘጋ ምን ያህል ጸጥ እንደምትል አላውቅም ነበር፤ ተዘግታብኝ ቆይታ አታውቅም። አልጋው ተነጥፏል፣ ማንም አይተኛበትም። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ፣ ብዕሩን ጣቶቼ መሐል በግራ እጄ አስገባሁና ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። አንድ «እ» ለመጻፍ የወሰደብኝን ጊዜ ብናገር አታምኑኝም። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ሆኖ ወጣ፣ ወደ ቀኝ የወደቀ። «እኔ ፈቃደ» የሚለው ላይ ስደርስ አንገቴ በላብ ርሷል።

ውጭ የአግዳሚው እንጨት ጮኸ። ተነሥታለች። የጫማዋ ድምፅ መጣና በሩ ጋ ቆመ፤ ከሥር ባለው ስንጥቅ የእግሯ ጥላ ገባ። የበሩ እጀታ ትንሽ ዝቅ አለ።

ልጣራ አሰብኩ፤ ደህና ነኝ፣ አትግቢ ልላት። ከዚያ አፌን ያዝኩ። ብጠራት ሁመድ እሆንባታለሁ። ዝም ብላትም ሁመድ እሆንባታለሁ።  እጀታው እንዳዘነበለ ቆየ። ክፍሉ ውስጥ ከኔ ሌላ አንድ ሰው ትንፋሹን እንደያዘ ተሰማኝ፤ ወደ አልጋው አልዞርኩም።

እጀታው ወደ ላይ ተመለሰ። በሩ ተንኳኳ፤ አንድ ጊዜ፣ በጣት አንጓ።

«ጋሽ ፈቃደ።»

«አለሁ» አልኳት።

 ይህ ነገር ለሷም አዲስ ነበር መሰለኝ፤ ጠይቃ መልስ ማግኘት።

«ይቀጥሉ» አለች። ጫማዋ ወደ አግዳሚው ተመለሰ።

ቀጠልኩ። ሁመድ ማንንም እንዳልጠራ ጻፍኩ። ጠራ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ። በመሐሉ እንደገና ተንኳኳ፣ እንደገና መለስኩ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ አንዴ ተቆጥቼ ሁሉ ነው የመለስኩት። በሩ አልተከፈተም። ቅዳሴው አልቆ የሰው ድምፅ ከደጅ መጣ። ወደ ምስክርነቱ ስደርስ ለርሷ የሚሆን ከራሴ አንድ መስመር ለመጨመር ልማዴ መጣብኝ፤ እጄ ደከመውና ተውኩት። ያደረገችውን ብቻ ነው የጻፍኩት። ገጹም አልሞላም።

መጨረሻ ላይ ስሟን መጻፍ ነበረብኝ። ሰባት ፊደል ነው። «ሰ»ን ጨርሼ «ብ» ላይ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ።

«አለሁ» አልኳትና ወደ «ለ» ሄድኩ።